በወረቀት የተጠገነው ድልድይ

የነፍስ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር «የቀረሽ ነገር የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። «የለም አባ» እላለሁ። አለ። አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለእሳቸውም፣ ለባሌም፣ ለእናቴም አልነገርኩትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል። ይሄም ፈሪነት ነው፤ አውቀዋለሁ።

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ የማዘጋጃ ቤት የሒሳብና የንብረት ሠራተኛ ነበርኩ። ስሟን አልጠራም። የከተማው የሆነ ነገር ሁሉ፣ ቦዩ፣ የቄራው ጣሪያ፣ የገበያው መጸዳጃ፣ ድልድዮቹ፣ በእኔ መዝገብ ላይ አንድ አንድ መስመር ነበረው። መቼ ተሠራ፣ በስንት ተሠራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተጠገነ። ጽሑፌ ያምራል ይሉኝ ነበር፤ እኔም በዚያ እኮራ ነበር።

ከገበያው ጀርባ ወንዝ አለ። በላዩ የእንጨት ድልድይ ነበር፤ መኪና አይሄድበትም፣ ለሰውና ለአህያ ብቻ ነው። የማዶ ሰዎች ጎደሬውንም፣ ሙዙንም፣ ኮረሪማውንም ተሸክመው የሚገቡት በእሱ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ለእንጨት አይራራም።

ድልድዩን የሚጠብቁት ጋሽ በቀለ ነበሩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አናጢ። የቤንች ሰው ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ጎልምሰው ነው። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፣ መፈረም ግን ይችላሉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ግንቦት ላይ ቢሮዬ ገብተው «ልጄ፣ አግዳሚው በስብሷል። በጣቴ ወጋሁት፣ ገባ» አሉኝ።

ለጥገና የተመደበ ገንዘብ ነበረን። ግን የእኛን አሠራር ልንገራችሁ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። እስከዚያ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ይባስ ብሎ «የሰጠናችሁንም አልጨረሳችሁም» ተብሎ የከርሞው ይቀነስብናል። ሰኔ ደግሞ እኛ ዘንድ ወንዝ የሚሞላበት ወር ነው፤ ማን ድልድይ ላይ ወጥቶ ሚስማር ይመታል? ስለዚህ ሥራው ተሠርቷል ብለን ርክክብ እንፈራረማለን፣ ለጣውላ ነጋዴው እንከፍላለን፣ ጣውላውን መጋዘን እናስገባለን፣ ጥቅምት ላይ ሲያባራ እንሠራለን። ሁሉም ያደርገው ነበር። አንድ ሳንቲም ኪሴ አልገባም። ይህችን ቃል ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኳት! ባይገባስ? ባይገባ ምን ይለውጣል?

ሰኔ ሠላሳ ቀን ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁ። ምን እንደሚል አነበብኩላቸው፤ ይህን እንኳ አልደበቅኩም።

«ሳልሠራ ሠራሁ ልበል?» አሉኝ።

«ጋሽ በቀለ፣ ለወረቀት ነው እኮ። ጥቅምት ላይ ይሠሩታል። አለዚያ ገንዘቡ ሊሄድብን ነው።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያቸው ጠረጴዛዬ ላይ ያንጠባጥብ ነበር፤ እኔ ወረቀቱ እንዳይርስ ሳብ አደረግኩት። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብለው ፈረሙ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰውየው እኔን አምነው ነው የፈረሙት። ከዚያ መዝገቤን ከፍቼ በድልድዩ መስመር ላይ በዚያ ባማረው ጽሑፌ «ተጠግኗል» ብዬ ጻፍኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

መስከረም ደረሰ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ልንቀበል ከተማው ሽር ጉድ ይላል። አለቃዬ ጠራኝና «መጋዘን ያለው ጣውላ ለመድረኩ ይሁን፣ በኋላ እንተካዋለን» አለኝ። የድልድዩ ነው አላልኩም። መድረኩ ተሠራ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨፈረ፤ እኔም ጨፈርኩ። በዓሉ ሲያልፍ ጣውላው እዚህም እዚያም ተበተነ፣ የተካው የለም።

ጥቅምት ላይ ጋሽ በቀለ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። «ይጠብቁ» አልኳቸው። ኅዳርም መጡ፣ ጥርም መጡ። አዲስ ገንዘብ እንዳልጠይቅ የራሴው መዝገብ አፌን ያዘኝ፤ ሰኔ ላይ የተጠገነ ድልድይ ከስንትና ስንት ያልተነካ ነገር ቀድሞ በጀት አያገኝም። ያን ቃል መሰረዝ እችል ነበር። ብሰርዘው ግን ላልተሠራ ሥራ ከፍለሻል መባል ይመጣል። ፈራሁ። ለእንጀራዬ ፈራሁ። ጋሽ በቀለ ሲሰለቻቸው ከራሳቸው ጓሮ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ደገፉት። ይህንንም አይቻለሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ።

ነሐሴ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ድልድዩ ተሰበረ። አበበች የምትባል የማዶ ሴት ኮረሪማ እንደተሸከመች ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ተረፈች፣ ግን ዛሬም ያለ ምርኩዝ አትሄድም። ትልቋ ልጇ ትምህርቷን ትታ የእናቷን ሸክም ያዘች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ እኔም መዝገቤን ይዤ ተጠራሁ። ወረቀቱን ለጋሽ በቀለ አሳዩዋቸው።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ድልድዩን ጠግነሃል?»

«አልጠገንኩም። ፈርም ተብዬ ነው።»

«ማነው ፈርም ያለህ?»

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፣ ጣታቸውንም አልቀሰሩብኝም። እንድናገር ጠበቁኝ፣ ያ ብቻ ነው። እኔ የመዝገቡን ገጽ አገላብጥ ነበር። ሰብሳቢው «አንቺስ የምታውቂው አለ?» አለኝ። «እኔ የማውቀው ሰነዱ ላይ ያለውን ነው» አልኩ።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ሰኔ ላይ የጻፍኩትን እንኳ ልማድ ነው ልበለው። ይህን ቃል ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከራሴ አፍ ነው የወጣው። ጋሽ በቀለ ለአፍታ አዩኝና «እንግዲህ ምን እላለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ጡረታ ሊወጡ ዓመት ሲቀራቸው ተባረሩ። «የድልድዩን ጣውላ የበላው» ተባሉ። የማዶ ሰዎች፣ የገዛ ወገኖቻቸው፣ ሰላምታ ነሷቸው። እኔ የደረጃ እድገት አገኘሁ።

በአራተኛው ዓመት ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ፤ ድንኳኑ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤታቸው እማማ ወርቄ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ከቢሮው ሰው አንቺ ብቻ መጣሽ» አሉኝ። «ጣውላ አልወሰድኩም እያለ ነው የሞተው። አልወሰድክም እለዋለሁ፣ ግን የእኔ ማመን አልበቃውም። መዝገብ የምትይዘው ልጅ ታውቃለች ይለኝ ነበር። ልጄ፣ ምንድን ነው የምታውቂው?»

እሳቸውም ጠበቁኝ፣ ልክ እንደ ባላቸው። «ጥሩ ሰው እንደነበሩ ነው የማውቀው» አልኩ። ከዚያ የሰጡኝን ንፍሮ በላሁ።

ዛሬ ወንዙ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ አለ። መዝገቡም መጋዘን ውስጥ አለ፤ «ተጠግኗል» እንዳለ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምን በደልኳችሁ? ይቅር ሊሉኝ የሚገባቸው ሰው አፈር ውስጥ ናቸው። እማማ ወርቄ ግን አሉ፣ ከቤቴ ሩብ ሰዓት በእግር። ይህን ለእናንተ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስቱም ቀን ቤታቸው ደርሼ መመለስ እችል ነበር። አልሄድኩም።