ጥይት ያልተተኮሰበት ሠርጌ

ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ያለ ተኩስ ሠርግ አልነበረም። እኔ የምዳር ዓመት ግን መሣሪያ ያለው ሁሉ አስመዝግቦ ፈቃድ ያውጣ፣ ገበያና ሠርግ ላይም ይዞ አይገኝ ተባለ። ሌላው ሲያቅማማ አባቴ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ በባጃጅ ውጫሌ ሄደና አስመዘገበ። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ «አንተ ደግሞ ሲጠሩህ አቤት ነህ!» እያለ መቀመጫ አሳጣው።

የሠርጌ ዕለት አጎቴ ክላሹን አንግቶ መጣ። አባቴ ዳሱ በር ላይ ጠበቀው።

«አያ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እሱን ግን ስጠኝ፣ ቤት ልቆልፍልህ።»

«የእህቴን ልጅ ዝም ብዬ ልሸኛት? ወላሂ አልሰጥም!»

«እንግዲያው አትገባም።»

እናቴ ወጥታ ወንድሟን አቅፋ ሳመችውና ማንገቻውን ራሷ ከትከሻው አወለቀችው። አልከለከላትም። እኔ የተቀመጥኩበት ጓዳ አምጥታ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ሙሽራው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጩኸት ሰምቼ በመስኮት አየሁ። አጎቴና የእርሻው አዋሳኝ በመስኖ ውሃ ተጣልተዋል።

«ተራዬን ሰርቀህ ታጠጣለህ!» አለው ሰውየው።

የአጎቴ እጅ ወደ ትከሻው ሄደ። ምንም የለም። እጁ እዚያው ቀርቶ ግራ ሲገባው ያየሁት ፊቱ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ ዱላ አነሳና የሰውየውን ግንባር ፈነከተው። ወንዶቹ ተረባርበው ገላገሏቸው።

እኔ ግን በድቤና በእልልታ ተሸኘሁ። ሴቶቹ አስፋልቱ ድረስ እየመቱ ወረዱ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀምጠው፣ ካሳ አስከፍለው፣ ዱዓ አድርገው አስታረቁ። አጎቴ ያን ቀን አባቴን፣ «ክላሹ ትከሻዬ ላይ ቢሆን እሱ መቃብር፣ እኔ እስር ቤት ነበርን» አለው። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

አሁን የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ መሣሪያ በየቤቱ በዝቶ በሠርግ ቀን ተኩሱ ተመልሷል፤ አንዳንዴ በማግስቱ የሚሰማው ወሬ የለቅሶ ነው። ያኔ አባቴ ይናፍቀኛል።

አጎቴ ሲታመም ሐኪም ቤት ይዞት የመጣው ያ አዋሳኙ ነበር። እኔ ቤት አረፉ። ዓሣ ጠብሼ አቀረብኩ። ሰውየው እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን በአጎቴ በኩል ያደርግለታል፤ አጎቴም «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» እያለ ይበላል።