የነጂባ እንሰት ሳያብብ

ሆመቾ ውስጥ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው መንደር፣ ነጂባን የማያውቅ ሴት የለም። እንሰት የሚፋቅበት ቤት ሁሉ «ነጂባ ትምጣልን» ይባል ነበር። ሌላዋ አንዱን ስትጨርስ እሷ ሦስተኛውን ትጀምራለች። የቀርከሃ መፋቂያዋን ለማንም አታውስም።

አምና ሐምሌ ላይ፣ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች። ደም ግፊት ነው ተባለ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ስትመለስ እግሯ ይራመዳል፣ አፏም ትንሽ ተንጋደደ እንጂ ይናገራል። ቀኝ እጇ ግን ከትከሻዋ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻለችም። ጓሮ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ባሏ ነስረዲን ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ነድቶ፣ ዓይኑ ሲደክም መኪናውን ሸጦ ቤት የዋለ ሰው ነው። «ኧረ ባክሽ አንድ ቦታ እረፊ» ይላታል። እሷ የምታየውን ግን አላየም። ከጓሮው እንሰቶች የአራቱ አዲስ ቅጠል አጥሮና ጠቦ መውጣት ጀምሯል። ሊያብቡ ነው። እንሰት ካበበ ደግሞ ሆዱ ባዶ ይሆናል፤ የስድስት ዓመት ልፋት አበባ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ነገር ነበር። ሆሳዕና ያገባችው ልጇ ኢክራም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል። አራስ ደግሞ አታካና መብላት አለባት፤ በወተትና በቅቤ የሚሠራ የቡላ ገንፎ ነው።

«እማ፣ ቡላ እኮ ከገበያ ይገዛል» አለች ኢክራም በስልክ።

«የገበያ ቡላ! ማን እንደፋቀው፣ ምን እንደቀላቀለበት ሳላውቅ ላንቺ?»

ጎረቤቶቿን መጥራት ትችል ነበር። ግን የስንዴ አጨዳ ደርሶ ሁሉም ማሳ ላይ ነው። ደግሞም ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራ የኖረች ሴት፣ መጥራት አቃታት።

አንድ ማክሰኞ ነስረዲንን «አንዱን ቁረጥልኝ፣ ዓለሚቱ ትመጣለች» አለችው። እሱም ቆርጦ፣ ልጦ፣ ገበያ ሄደ። ጎረቤቷ ዓለሚቱ ግን አልተጠራችም። ነጂባ የሚፋቅበትን ጣውላ ግንድ ላይ አስደገፈች፣ ልጡን በተረከዟ ወጥራ ያዘችና በግራ እጇ መፋቅ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ሳበችው። በሦስተኛው መፋቂያው አምልጦ ቅልጥሟን ቀደደው።

ነስረዲን ከገበያ ሲመለስ ከቅጠሉ ወዲያ ቆሞ ሳል ሳል አለ። ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይገባም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከሩቅ እየሳለ ነው ያለፈው። መልስ ሲያጣ አንገቱን አስግጎ አየ። ቅጠሉ ላይ ደም አለ። ገባ።

«ዓለሚቱ የታለች?»

«አልጠራኋትም።»

«እንግዲያው ይቅር። ልጅቷ የገበያ ቡላ በልታ አትሞትም።»

«አንተ መኪናህን የሸጥክ ጊዜ ስንት ቀን ነው እንቅልፍ ያጣኸው? እኔ እጄን አልሸጥኩም። ዝም ብሎ ነው የሄደብኝ።»

ነስረዲን ቁስሏን በሻሿ አሰረላትና ኮቱን አውልቆ ጣውላው ፊት ተቀመጠ።

«አሳዪኝ።»

ነጂባ ደነገጠች። «ሰው ያያል!»

«የጓሮውን በር ዝጊዋ።»

ዘጋችው። ከዚያማ መከራ ሆነ። «እግርህን ከፍ አድርግ! አትጫነው፣ ሳበው! ቃጫውን እየቆረጥከው ነው!» እያለች ትዞረዋለች። በግራ እጇ መፋቂያውን ትነጥቀዋለች፣ መልሳ ትሰጠዋለች። እሱ ላቡ ይንጠፈጠፋል። እሷ በግማሽ ቀን የምትጨርሰው አንድ እንሰት ሦስት ቀን ፈጀበት። ተጨምቆ የጠለለው ቡላም ጥቂት ነው፤ መልኩ ጠቆር ያለ።

ሁለተኛውን እንደጀመረ ዓለሚቱ ወንፊት ልትዋስ ብቅ አለች። አየችው። አፏን ያዘች፣ ግን አልቻለችም፤ እየሳቀች ወጣች፣ ሳቋ እስከ መንገዱ ይሰማል። ነስረዲን መፋቂያውን ወርውሮ ቤት ገባ። ያን ቀን ራት አልበላም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ዓለሚቱ ናት፣ ከኋላዋ ሁለት ሴቶች፤ ሁሉም መፋቂያ ይዘዋል።

«የኢክራም አባት፣ ይውጡልን እባክዎ! ግማሹን እኮ ከቃጫው ጋር ጣሉት» አለች። ወዲያው ወደ ነጂባ ዞረች። «አንቺስ? ለምን አልጠራሽኝም? ስንዴ ካንቺ ይበልጥብኛል?»

ነጂባ ፊቷን አዙራ በግራ እጇ ቅጠል ማንጠፍ ጀመረች። ነስረዲን ወጣ፤ ግን ሩቅ አልሄደም። ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ በየሰዓቱ «ስንተኛው ላይ ናችሁ?» ይላል።

የቀሩትን ሦስቱንም ፍቀው ጨርሰው የሴቶቹ ቡላ ገና ሳይጠልል ስልክ ተደወለ። ኢክራም ምጧ ቀድሞ መጥቶ በኦፕሬሽን ወልዳለች። ነጂባ ያለውን ይዛ ከነስረዲን ጋር ወደ ሆሳዕና ተነሳች፤ ያለው ደግሞ ያ የነስረዲን ጠቋራ ቡላ ነው።

ሐኪሞቹ ለጊዜው ቀለል ያለ ምግብ ብቻ ስላሉ አታካናው የተሠራው በስድስተኛው ቀን ነበር፣ በኢክራም አማት በነፊሳ ቤት። ኢክራም ሁለቴ ጎረሰችና ከጥርሷ መሃል ረጅም ቃጫ መዘዘች።

«እማ፣ ይሄን ማነው የፋቀው?»

ነጂባ በአገጯ ሳሎን የተቀመጠውን ነስረዲንን አሳየቻት። ኢክራም የተሰፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እያመማት፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ነስረዲን ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። ኢክራም ግን ሳህኑን ጠርጋ በላች።

«አንድ ሳምንት ቆዪ እንጂ» ብትላት ነፊሳ፣ ነጂባ ሻሿን አስራ ጨርሳለች። ቆጮው ጉድጓድ ገብቷል፤ ቅጠሉ ላይ ድንጋይ ካልተጫነበት አየር ገብቶ ይበላሻል።

መናኸሪያ ውስጥ የሆመቾው ሚኒባስ እስኪሞላ መቀመጥ አልቻለችም። በሩ ላይ ቆማ «ድንጋዩን ማን ይጭነዋል? ዓለሚቱ ትረሳዋለች» አለች።

«ጭናዋለች። ትናንት ደውዬላታለሁ» አለ ነስረዲን።

«አንተ? ለዓለሚቱ ደወልክ?»

«አዎ፣ እኔ።»

ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለት ደቂቃ ያህል።