መልስ ለማትሰጥ ልጅ ማውራት

ልጃችን መስማት ያቆመችው ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ማጅራት ገትር ይዟት ከተረፈች በኋላ ነው። ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ከኋላዋ ድስት ወደቀ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ዞርም አላለችም። ሐኪሙ በኋላ ያረጋገጠልን ይህንኑ ነበር።

የቤት ኅብረታችን ሰዎች እየመጡ ጸለዩላት። እኔ ግን አሜን ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ከጀርባዋ ሆኜ ስሟን እጠራለሁ፤ ጠረጴዛ እመታለሁ፤ በር አንኳኳለሁ። ልብስ እያጠብኩ እንኳ ብድግ ብዬ ሄጄ አጨበጭባለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ እጄን ያዘና «ተይ፣ ልጅቷንም ራስሽንም አታድክሚ» አለኝ።

እሱም እንደ እኔ አሰላ ውስጥ አስተማሪ ነው። የሱ ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንድ ክፍል አለው፤ የምታስተምራቸውም ራሷ መስማት የማትችል ወጣት ሴት ናት። ይዟት መጣ። ልጄን አቅፋ ብዙ ካየቻት በኋላ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየችኝ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በእጅሽ አውሪላት። መልስ አትጠብቂ። የሚሰማ ሕፃንም አፉን የሚፈታው ብዙ ከሰማ በኋላ ነው።»

ከእሷ እየተማርኩ ጀመርኩ። ወተት፣ ጫማ፣ ነይ፣ እወድሻለሁ። ልጄ አፌን አፌን ታያለች እንጂ እጄን አታይም።

አማቴ በዚያን ጊዜ ከኢተያ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። እጄን ሳወናጭፍ ሲያዩ ከፋቸው።

«ልጄ፣ ጌታ ይፈውሳታል ብለሽ አላመንሽም?»

«አምናለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ደንቆሮ ሆና እንደምትቀር ተቀብለሽ አይደል?»

እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነበር። ማታ ራት ላይ ባለቤቴ መለሰላቸው።

«እማዬ፣ እንድትሰማ ለእግዚአብሔር እንነግረዋለን። እንደምንወዳት ግን ለእሷ ነው የምንነግራት፤ እሱ ደግሞ ለነገ አይባልም። ይሄም እምነት ነው።»

ነገሩ ግን ለአማቴ አልተዋጠላቸውም።

ወራት አለፉ። ባጃጅ ውስጥ ስነግራት ሰው ዞር እያለ ያየኛል። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እጄ ሳላዘው እየተነሣ ተማሪዎቼን ያስቃል። ግድግዳ የማናግር ይመስለኛል። የምጸልየውም ቆሜ ነበር፣ ከመስኮት ወደ በር እየተመላለስኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ቃል ብቻ» እላለሁ። እንደገና እሄድና ከፊቷ ቁጭ ብዬ ወተት፣ ጫማ፣ ነይ እላታለሁ።

ክረምት ሲገባ አንድ ከሰዓት ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። እሷ አልሰማችውም። አማቴ በሩን ሲከፍቱት ግን ግቢው ውስጥ ሲወርድ አየችው። ሮጣ ደፉ ላይ ቆመች፣ ወደኔ ዞረች፣ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ ጣቶቿን እያርገበገበች ወደ ታች አወረደቻቸው። ከዚያ እንዳላየኋት ጠርጥራ መሰለኝ ደገመችው።

«ምን እያለች ነው?» አሉ አማቴ።

«ዝናብ እያለች ነው።»

አማቴ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ዝናቡ እየገባ ቀሚሳቸውን አራሰው። ቆይተው «ነይን እንዴት ነው የምትዪላት?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በዚያ ሻካራ እጃቸው ነይ አሏት። ሄደች።

አሁን እዚያው የአባቷ ትምህርት ቤት ክፍል ገብታ ትማራለች። ጆሮዋ አልተመለሰም፤ ኅብረቱም እኛም መጸለይ አልተውንም። አማቴ ከኢተያ በቪዲዮ ሲደውሉ ምልክቱን እያቀላቀሉ ያስቋታል። እኔ ግን ዛሬም አላረፍኩም። አስፋልት ስትሻገር የባጃጅ ጥሩምባ አይሰማትም፤ እዚያ ጋ ልቤ ቆሞ ይጠብቃታል። ደግሞ አንድ ቀን «ለምን እኔ?» ማለቷ አይቀርም። እስካሁን አልጠየቀችኝም። ለመልሱ የሚሆኑኝን ምልክቶች ግን ከመምህሯ ዘንድ እየሄድኩ መማር ጀምሬያለሁ።