ለአዳነ ያልደረሰው ጥያቄ

ልጅ ሳለሁ ተረት ለእኔና ለመንታ ወንድሜ ለአዳነ እኩል አይደርሰንም ነበር። እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባል ሰፈር፣ እናታችን ማታ ማታ ፋብሪካ ስትሠራ አያታችን አባባ ተገኘ ይጠብቁን ነበር። ያኔ የክረምቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ያለችን አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናት፤ ሽቦዋ እንደ ፍም ሲቀላ የተቃጠለ አቧራ ይሸተናል፣ አባባም መብራቱን አጥፍተው በዚያ ቅላት ብቻ ይጀምራሉ።

ከሁሉም የምንወደው የውርንጭላውን ነበር። እናቱ ወንዝ ማዶ ቀርታበት፣ ሲመሽ ጅብ በእናቱ ድምፅ ይጠራዋል። አባባ እዚህ ሲደርሱ ያቆማሉ። ወደ እኔ ዞረው «እስቲ እናቴ፣ አሁን በሆዱ ምን ይላል?» ይሉኛል፤ ወደ አዳነ ዞረው «አንተስ ጎረምሳው፣ ጅቡን ምን ታደርገዋለህ?» እኔ ፍርሃቱን፣ ናፍቆቱን እዘረዝራለሁ። አዳነ «በእርግጫ ነዋ!» ብሎ አየሩን ሲረግጥ አባባ በሳቅ ፍርስ ይላሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሆድ ለእኔ፣ እርግጫ ለእሱ።

አንድ ምሽት እናታችን ምን አግኝቷት እንደሆነ እንጃ፣ ዘገየች። ያን ለታ አባባ ያው ቦታ ላይ ሲያቆሙ አዳነ አልረገጠም። «እናቱ ትመጣለች?» ብሎ ጠየቀና እንባው መጣ። አባባ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፀጉሩን አሻሽተው «ምነው ጌታዬ! የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው» አሉት። ዋጠው። እናታችን ብዙም ሳትቆይ መጣች፤ የእሱ እንባ ግን በዚያው ቀረ።

መዋዕለ ሕፃናቱን እዚህ «ጋን» እንለዋለን። ያኔ በጋን ሴቶቹ ልጆች ሲጣሉ ማን እንዳኮረፈ፣ ለምን እንዳኮረፈ አጣርቼ የማስታርቀው እኔ ነበርኩ። አዳነ ጓደኛ ሞልቶታል፤ ኳስ ያሳድዳሉ፣ ይደባደባሉ፣ ተመልሰው ያሳድዳሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው ሆድ ግን አያውቅም። ሰው እንዲሁ ሆኖ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።

አሁን እዚያው ሰፈር፣ ጋን ውስጥ ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የልጅ እንባ ስጠርግ ውዬ፣ ማታ ደግሞ አዋቂው ሆዱን ሊያራግፍብኝ ይደውላል። ደክሞኛል፣ ምን ልዋሽ። ባለፈው ሰሞን የአዳነ ሚስት ደወለች። ትንሹ ልጃቸው ኖዓም እየተማታ ልጆች ሸሽተውታል፤ አዳነ ደግሞ «ወንድ አይደል? ይተወዋል» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። «አንቺ አናግሪው፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አለችኝ። ታውቂበታለሽ መባል ሰለቸኝ እኮ! ሄድኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ኖዓምን አጠገቤ አስቀምጬ የውርንጭላውን ተረት አወራሁለት። ጅቡ ጋ ስደርስ «አሁን በሆዱ ምን ይላል?» አልኩት። በዕብራይስጥ «አላውቅም፤ ይርገጠው» አለኝ። ደግሜ ልጠይቀው ጉልበት አጣሁ። 

አዳነ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሃን ያጥብ ነበር። ውሃውን ዘጋው።

«ፈርቶ ነው» አለ፣ ሳይዞር። «እናቱ የማትመጣ መስሎት።»

ኖዓም ቀና ብሎ አባቱን አየው። «አባ፣ አንተ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለ ወንድሜ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣና ልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

ከዚያ ሁሉ ተረት እኔ ዘንድ የቀረው ጅቡም ወንዙም አይደለም፤ ያ «በሆዱ ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ እሱን ስመልስ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን የጠየቀኝ የለም። ሶፋው ላይ ደገፍ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ተረቱን አዳነ ጨረሰው።