በሐጂ ቤት ግድግዳ አልገባ ያለው ማጉያ

የራዲዮ ጥገና የተማርኩት በመፍታት ነው። ከፈታሁት ግማሹን መልሼ ገጥሜዋለሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም፤ እጄ ግን ሥራ ያውቅ ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ሱቄ ኤረር በር አጠገብ ነበረች። አንድ ቀን ከተማዋን በከበበው ግንብ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ መጡና ልጃቸውን ሊድሩ መሆናቸውን ነገሩኝ። ቤት ውስጥ ሴቶቹ የሚዘፍኑት ግቢ ለሚቀመጡት ወንዶች እንዲሰማ፣ ከነማይክራፎኑ ድምፅ ማጉያ ሥራልኝ አሉ።

"የሚቀመጠው የት ነው?" አልኳቸው።

"እሱን እንኳ ባለቤቴ ናት የምታውቀው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ባለቤታቸውን ሳገኛቸው ነገሩ ገባኝ። የግንብ ውስጥ ቤት ግድግዳው እንደ ትንሽ መስኮት እየተፈለፈለ ዕቃ ይቀመጥበታል። ለማጉያው የፈቀዱልኝ ከነዚያ አንዷን፣ ከሁሉም ጠባቧን ነው። ግራና ቀኙ ሳህን በሳህን ነው።

"ከሳህኖቼ አንድም የሚነሣ የለም" አሉኝ። "እዚች ከገባ ይግባ፤ ካልገባ ከተማ ያለውን ሌላውን ራዲዮ ሠሪ አስጠራለሁ።"

"ይገባል" አልኩ። ያ ሰውዬ በእኔ ፈንታ እዚያ ቤት ከሚገባ ሱቄን ብዘጋ ይሻለኝ ነበር። በሲባጎ ለካሁ፣ ልኩ ላይ ቋጠርኩ፣ ወጣሁ።

የማጉያው ሰሌዳ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ እንደ ትሪ ስለሚንጣለል ቀዳዳዋ አትችለውም። ስለዚህ ለሁለት ከፈልኩትና አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩ። የሚያገናኛቸው ሶኬት ነው፤ ወንዱ ከታች፣ ሴቷ ከላይ ሆነው ይሰካካሉ። ከአሮጌ የመገናኛ መሣሪያ የነቀልኳቸው ሶኬቶች ነበሩኝ፤ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም። አጭሩን ባደርግ ታች የቆመው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ወፍራም ኮንደንሰር የላይኛውን ሰሌዳ በራሱ ይገፋዋል። ረጅሙን ባደርግ ሣጥኑ ከቋጠሮዬ ያልፋል። መካከለኛው ልክ መጣ። ሶኬቱ ያለው ባንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ሌላው ጫፍ እንዳያዘምም ሁለት የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ ግራና ቀኝ በብሎን አቆምኩለት። ሣጥኑን አናጢ ሠራልኝ።

ሠርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ ተሸክሜ ሄድኩ። ቤቱ ያበራል! ለሠርጉ ብለው ግድግዳውን ሁሉ በጭቃ ጠጋግነው ኖራ ቀብተውታል፤ ያችንም ቀዳዳ፣ ከላይም ከታችም። እዚህ አገር ተወልጄ፣ ሠርግ ያለበት ቤት እንደሚለሰን እያወቅሁ፣ ሳይለሰን ለክቼ ሄድኩ! ሣጥኑ በትንሽ ጣት ውፍረት እምቢ አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ "ሙሽራው ገብቶ እሱ ውጭ ሊያድር ነው!" አለች።

ሐጂ ጠጋ ብለው፣ "ኖራውን ትንሽ ብንፍቀውስ?" አሉ።

"ወላሂ ግድግዳዬን የሚነካ የለም!" አሉ ባለቤታቸው። "ይዞት ይሂድ።"

"ይዤውም አልሄድም" አልኩ። "ይልቅ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ስጡኝ።"

"ደሞ ምን ሊያበስል ነው?" አለች ያችው ሴት።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የብየዳ ብረቴን ከሰሉ ውስጥ ከተትኩ። መካከለኛውን ሶኬት ነቅዬ ከከረጢቴ አጭሩን አውጥቼ በየድኩ። ያ ኮንደንሰር ግን እንደቆመ ነው። ላስተኛው አልኩ፤ ቢተኛ የሚጋደመው ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ሲሠራ የሚያግለው ብረት ላይ ነው፣ ሙቀት ደግሞ ይገድለዋል። የላይኛውን ሰሌዳ አንስቼ እያገላበጥኩ አየሁት። ከኮንደንሰሩ አናት በላይ የሚውለው ማዕዘን አንዲት የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ የምታልፍበት ባዶ ቦታ ነው። መስመሯን በሽቦ በሌላ በኩል አዞርኩና ማዕዘኑን በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት። መልሼ ስደርበው የኮንደንሰሩ ራስ በተቆረጠው በኩል ብቅ አለ። ቀፎዎቹንም ማሳጠር ያዝኩ።

"የግራው ረዝሟል" አሉ ባለቤታቸው ከኋላዬ ቆመው።

"እኩል ናቸው።"

"ሳህን ስደረድር ነው የኖርኩት። ረዝሟል።"

በሲባጎ ለካሁት። ረዝሟል። ትርፉን ሞረድኩት።

ሣጥኑንም በዚያው ልክ ቆርጬ ዘጋሁና ገፋሁት። ኖራ ሳይፍቅ፣ ሳህን ሳይነካ፣ ሰተት ብሎ ገባ። ሽቦውን ግቢ ከሰቀልኩት የድምፅ ጡሩምባ ጋር ቀጣጠልኩና ማይክራፎኑን ለባለቤትየዋ ሰጠሁ።

"ሐጂ! ይሰማሃል?" አሉ።

"ሰፈሩ ሁሉ ሰማሽ!" ብለው ጮኹ ሐጂ ከግቢ። ሴቶቹ እልል አሉ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ገብቷል" አሉ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው። "ሌላ ሰው አላስጠራም። በእጅህ ያቆሸሽከውን ኖራ ግን ጠርገህ ነው የምትወጣው!"

ይህንንም ያሉት በማይክራፎኑ ነው። ከግቢው ሳቅ ተሰማ። ጠረግኩ፤ ምን አደርጋለሁ!