በወይራ የታጠኑት ጠርሙሶች

ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ይሮጣል፤ እኔ ወደ ውጭ። ሥራዬ ነው። ከደብረ ታቦር ዳር ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ ዝናቡ ግቢውን አጥቦ ሲወጣ ጎርፉን በጠርሙስ እቀዳለሁ፤ ጠርሙሱ ቤተ ሙከራ ሄዶ ይመረመራል። ተምሬው አይደለም። የገባሁት በጽዳት ነበር፤ ናሙና ሊወስዱ የሚመጡትን ባለሙያዎች እየተከተልኩ፣ እየጠየቅኩ፣ ያገኘሁትን እያነበብኩ ለመድኩት። ዋናው ነገር መፍጠን ነው። የተኛውን ዘይትና ዝገት ጠርጎ የሚያወርደው የመጀመሪያው ጎርፍ ነውና፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚቀዳው የታጠበ ግቢ ውኃ ነው።

የግቢው ውኃ በአጥሩ ሥር በቦይ ይወጣና በአንዲት አሮጊት ደጃፍ አልፎ ወንዝ ይገባል። እማማ ነው የምላቸው። አንዲት ጥቁር ላም አለቻቸው። ባለፈው ክረምት ይቺ ላም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወንዙን አሽትታ ትመለስ ጀመር። ላም ካልጠጣች ደግሞ ወተት የለም። ልጃቸው፣ "መስቀል ይለፍ እንጂ እብናት ገበያ ወስጄ እሸጣታለሁ" አለ። እማማ ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ አላቸው።

ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነገርኳቸው። "ከመንገዱ የመጣ ዘይት ቢሆንስ? ከእኛ ግቢ መሆኑን በምርመራ አሳዪኝ፤ አስተካክላለሁ" አሉኝ። ቃላቸውን ያዝኩ።

ቤተ ሙከራው አጥቦ የሰጠኝን ሁለት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች እማማ ቤት አስቀመጥኩ፤ ቦዩ እዚያው ደጃፋቸው ነው። አንዱ ለቦዩ፣ ሌላው ለማነጻጸር ከፋብሪካው በላይ ላለው የወንዝ ውኃ ነበር። ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ሲመጣ ሮጬ ደረስኩ፤ ቀዳሁ፤ ላክሁ።

ከቤተ ሙከራው የደወለችው ልጅ ሳቋን ማፈን አቅቷታል። "እህቴ፣ ጠርሙሶቹን ምን አደረግሻቸው? ሁለቱም ጭስ ጭስ ይላሉ። ጥላሸት ይንሳፈፍባቸዋል። ይኼ አይመረመርም።"

ሄድኩ። እማማ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

"እማማ፣ ጠርሙሶቹን ነክተዋቸው ነበር እንዴ?"

"ምን መንካት! አጠንኳቸው እንጂ።" ፊታቸው በራ። "በወይራ፣ ደህና አድርጌ። ትልልቅ ሰዎች ዘንድ የሚሄድ ዕቃ ሳይታጠን? የማን ቤት ነው ይኼ አይሉም?"

"ኧረ እማማ፣ ሊጠጡት እኮ አይደለም!"

"አይቀምሱትም? ታዲያ በምን ያውቁታል?"

ሳቄ መጣ። ወተት የሚገባበትን ዕቃ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ለእኛ ንጽሕና የሆነው ጭስ ለቤተ ሙከራው ጥላሸት መሆኑን ሳስረዳቸው እጃቸው ጎመኑ ላይ ቀረ።

"ላሜን በገዛ እጄ ሸጥኳታ!"

"ገና ነው እማማ። አንድ ዝናብ ይበቃናል።"

"መስከረም ገባ እኮ ልጄ።"

አዲስ ጠርሙሶች አመጣሁ፤ እዚያው እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩ። ሰማዩ ግን ጠራ። ጎረቤቱ ሁሉ ገብሱ እንዳይበላሽ ዝናቡ ይብቃ ሲል፣ እማማ ብቻቸውን ዝናብ ይለምናሉ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሰምተው፣ "አንቺ ሴት፣ ገብሳችንን ልታስበሰብሺ ነው?" ቢሏቸው፣ "ጠርሙስ የሚሞላ ነው የለመንኩት፤ እሱ ልኩን ያውቃል" አሏቸው።

በደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከየት መጣ ሳይባል ወረደ። ስደርስ እማማ ከቦዩ ዳር ቆመው ነጠላቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል፤ ጠርሙሶቹን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

"ፍጠኚ! ክዳኑን አልከፈትኩም፤ እንዳላበላሽ!"

ጓንቴን አጥልቄ ቀዳሁ። ከዚያ ወደ ላይ ሮጬ ሁለተኛውን ሞላሁ። ስመለስ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ነበር። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አነሳሁለት። ከወንዙ የቀዳሁት አፈር ብቻ ነው የያዘው፤ በቦዩ ውኃ ላይ ግን ዘይቱ ቀስተ ደመና ሠርቷል። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየው።

"በሽታ ይዟት መስሎኝ ነበር" አለ። "እንግዲህ ውጤቱ እስኪመጣ ትቆይ።"

"ድሮስ ላሚቱ ካንተ ቀድማ አውቃዋለች!" አሉት እማማ።

ውጤቱም ዓይናችን ያየውን አለ። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ቢያጓትቱም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ይቀመጡ ለነበሩት የዘይት በርሜሎች የቆርቆሮ ጣራ ተሠራላቸው፤ ቦዩ ከአጥሩ ሳይወጣ ዘይቱን የሚያስቀር ጉድጓድ ተቆፈረለት።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ከመጀመሪያው ዝናብ ቀድቼ ስጨርስ እማማ ላሚቱን ወደ ወንዙ ነዱ። እኔም ተከተልኩ። አሸተተች። ቀና አለች። እማማ ክንዴን ጨመቁኝ። ከዚያ አፏን ውኃው ውስጥ ከተተችና ጉሮሮዋ እስኪሰማ ድረስ ጠጣች።

ማታ ልሰናበት ስል አንድ ጠርሙስ ወተት አስያዙኝ። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው የወይራው ሽታ አወደኝ።

"ይኼንንስ አጥኜዋለሁ" አሉ። "ለዚያች ቤተ ሙከራ ላለችው ልጅ ነው። በይ አድርሺላት፤ ይኼን ደግሞ ትቅመሰው።"