አምስት የተጻፈበት መመዘኛ

ይህን ለአባቴም ለእህቴም ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወረቀት ላይ ሳሰፍረውም ገና የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አማርኛዬ እንዲህ መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ መጻፍ ደስ ይለኛል። ሰው ጥፋቱን እየጻፈ ደስ ቢለው፣ ያ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው እንዴ? እሱን እናንተ ፍረዱ። የመጀመሪያውን ግን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ፎርም ዋን፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍል፣ የገባሁት ማታቱ የምንላቸው የታክሲ ሚኒባሶች ቢጫ መስመር በተቀቡበት ዓመት ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ማዳም ዋምቡይ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ስለ መለካት ብቻ ነበር የሚያስተምሩን፤ ግራም፣ ሚሊሊትር፣ ሴንቲሜትር ኩብ። «አምስት ብለሽ አትቁሚ። አምስት ምን? አምስት ፍየል?» ይላሉ። ዩኒቱን የረሳች ልጅ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ፍየል ይሥሉባታል። እኔ ደብተር ላይ ሁለት ፍየሎች አሉ፤ አንደኛዋ ቀንድ አላት።

ሌሎቹን ሰለቻቸው፣ እኔ ግን አበድኩ። ያገኘሁትን ሁሉ መመዘን አማረኝ። የጠጉሬን ዘለላ መዘንኩ። አንድ ብጣሽ ወረቀት መዘንኩና ስሜን ጽፌበት እንደገና መዘንኩት፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። «ሐያት» የሚለው ስም ክብደት የለውም ማለት ነው? ወይስ ሚዛኑ ነው የማያየው?

እያንዳንዱ የላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አንድ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛንና አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ የናስ መመዘኛዎች በየጎድጓዳቸው ተቀምጠዋል። የሚነሱት በወረንጦ ብቻ ነው፤ የጣት ላብ እንኳ ክብደታቸውን ይለውጣል ብለውናል ማዳም። ይሄን በሰማሁ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ምን እንደገባ ታውቃላችሁ? ላብ እንዲህ ካደረገ አሲድ ምን ያደርግ ይሆን?

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ላብራቶሪውን የማጽዳት ተራ ደረሰኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ከሳጥናችን ባለ አምስት ግራሙን አንስቼ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ጣልኩት። ቡናማ ጭስ ወጣ። ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ተለወጠ፤ እንደዚያ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም። መስኮቱን ከፍቼ፣ አፍንጫዬን በሹራቤ ሸፍኜ ቆሜ አየሁት። ደወል ሲደወል ደንግጬ አወጣሁት፣ አጠብኩት፣ በቀሚሴ አሸሁት፣ መዘንኩት። አራት ነጥብ አራት ግራም። አናቱ ላይ ግን አሁንም አምስት ተብሎ ተጽፏል። ወደ ጎድጓዳው መለስኩት።

አባቴ ኢስትሊ የሚባለው የንግድ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። የመለኪያ እንጨቱ ጫፍ ሲበላ ለሁለት ሰብሮ ይጥለዋል። «እማ፣ ይሄ ሰው ይበድላል» ይለኛል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። አውቅ ነበር።

በሳምንቱ ማዳም ለእያንዳንዳችን ትንሽዬ የብረት ቁራጭ አደሉን። መዝነን፣ ውኃ ውስጥ ከተን ውኃው በስንት ከፍ እንዳለ አይተን፣ ክብደቱን ለዚያ አካፍለን ብረቱ ምን እንደሆነ ልንናገር ነው። ሁሉም ሰው ሦስት ጊዜ ይመዝናል። መኮራረጅ የለም።

የጠረጴዛ ጓደኛዬ አቺየንግ ትባላለች። ሚዛኑም ሳጥኑም የጋራችን ነው፣ ቁራጮቻችንም እኩል ናቸው። መጀመሪያ የመዘነችው እሷ ናት። ባለ አምስቱን በወረንጦ ስታነሳው አየሁ። አላስቆምኳትም። ባለ አንዱን ስትጨምርበት ሚዛኑ ቀጥ አለ፤ ስድስት ግራም ብላ ጻፈች። ሦስት ጊዜ መዘነች፣ ሦስቴም ስድስት። የኔ ተራ ሲደርስ ባለ አምስቱን አልነካሁትም። ሁለቱን ባለ ሁለቶች ከባለ አንዱ ጋር ደምሬ፣ ትንንሾቹን ጨመርኩበት። አምስት ነጥብ አራት። ውኃው የሁለታችንም ሁለት ሴንቲሜትር ኩብ ነው ከፍ ያለው። የኔ ሁለት ነጥብ ሰባት ወጣ፤ አሉሚኒየም። የእሷ ሦስት።

«ሦስቱም ስድስት?» አሉ ማዳም ደብተሯን እያዩ። «ሦስት ጊዜ ሲመዘን ትንሽ እንኳ አይለያይም? ይሄ የበሰለ ነው።» እኛ ትምህርት ቤት ሳይለኩ ቁጥር ፈጥሮ መጻፍ ማብሰል ነው የሚባለው።

«አላበሰልኩም ማዳም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ ሚዛኑ ነው የዋሸው?»

«እንጃ። ያየሁት ስድስት ነው።»

«ሐያት በዚሁ ሚዛን አይደል የመዘነችው? በዚሁ ሳጥን? ሐያት፣ አንቺ ስንት አገኘሽ?»

«አምስት ነጥብ አራት ግራም» አልኩ። ግራሟን እንኳ አልረሳሁም።

ከኋላ አንዷ «ሼፍ አቺየንግ፣ ምሳ ደረሰ?» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ማዳም ዜሮ ሰጧት።

እኔ ምን አደረግሁ? ትክክለኛ ቁጥር ተናግሬ በሐሰት መሰከርኩ። ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ነው የምነግራችሁ። ሌላው ግማሽ ይብሳል፦ ማየት ፈልጌ ነበር። አቺየንግ እስከ መቼ «ያየሁትን ነው» እያለች እንደምትቆይ ማወቅ ፈልጌ ነበር። አሲዱን እንዳየሁት እሷንም ቆሜ አየኋት። በማግስቱ ባለ አምስቱን ከሳጥኑ ወስጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። ስለዚህ ዛሬ የማሳየው ማስረጃ የለኝም፤ ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው።

አሁን ፎርም ስሪ ነን። የላብራቶሪው ፕሪፌክት፣ የተማሪዎች አለቃ፣ እኔ ነኝ። አቺየንግ አሁንም አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምትጽፈው በእርሳስ ነው። ለክታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ «ስንት አገኘሽ?» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትጽፈው። ትልቅ ነገር አልመሰለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በቢዩሬት ስንለካ (ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች የሚቆጠር ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው) እሷ ሃያ ሁለት ነጥብ አራት ጻፈች። እኔ ሳላስተውል ተገላቢጦሽ ከታች ወደ ላይ አንብቤ ሃያ ሦስት ነጥብ ስድስት አልኩ። ቱቦውን ደግማ እንኳ አላየችውም። የራሷን በላጲስ አጥፍታ የኔን ጻፈች። የማዳም ልክ ሃያ ሁለት ነጥብ አራት ነበር። አቺየንግ ሳቀችና «አይዞሽ፣ አብረን ነው የተሳሳትነው» አለችኝ።

አብረን አልተሳሳትንም። እሷ አልተሳሳተችም። ሁለቱንም ጊዜ አልተሳሳተችም። ዓይኗን እንዳታምን ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው። አቺየንግ አማርኛ አታነብም፣ ማዳምም አያነቡም። ቋንቋው ራሱ መደበቂያዬ እንደሆነ የገባኝ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ነው። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላብራቶሪ ነው። ማዳም ባሉበት፣ ሁሉም እየሰማ፣ ከአሲዱ ጀምሬ በኪስዋሂሊ እነግራታለሁ። ፕሪፌክትነቱ ይቅርብኝ። ማወቅ ፈልጌ ነው አልልም፤ ልጅ ነበርኩም አልልም። ከዚያ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ይቅር ማለትም አለማለትም የእሷ ነው፤ ይህን እንኳ ወደ እኔ ሳትዞር ራሷ ትወስን።